በእንዶድ የሚያጥቡ እናቶችና ጠያቂው ሊቅ

(በኧርቪንግ በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)





ዛሬ ልናነሣላችሁ የመረጥነው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ተክል ነው። ሰውየው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው፤ ተክሉም እንዶድ ነው። ከመካከላችን እንዶድን የማያውቅ ቢኖር እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ብቻ ናቸው። እኛማ ደርቆ በተወቀጠው ፍሬ አረፋ ነጠላና ጋቢ ሲነጣ እያየን አድገናል። አይተናል እንጂ አልጠየቅንም።

የጠየቁት ዶክተር አክሊሉ ናቸው። በ1935 ተወልደው፣ አሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ወረዱ። የዚህ በሽታ ትል በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ሆድ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተከማችተው አዩ፤ ከዚያ በላይ ግን በሕይወት ነበሩ። ከሚያጥቡት እናቶች አንዷን ለምነው፣ አረፋውን በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አስጨመሩ። ሁሉም ሞቱ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እዚያው አድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ወንዙ በእንዶድ ሲታከም፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል የታመሙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። ይህ ከውጭ በውድ ዋጋ የተገዛ መድኃኒት ሳይሆን በየጓሮው አጥር ላይ የሚበቅል ፍሬ ነው።

አንድ ጥያቄ ስንት በር እንደሚከፍት ተመልከቱ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ካሊፎርኒያ ውስጥ ተለይቶ ሲወጣ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በ1970ዎቹ ደግሞ ተመራማሪዎች ያው የእንዶድ ንጥረ ነገር የወንድ ዘርን እንደሚገድል ስላዩ ለወሊድ መከላከያ ይሆን እንደሆነ መረመሩት። በ1984 እዚሁ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ባለው ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ከእንዶድ ቅጠል ዶዴካንድሪን የተባለ ፕሮቲን አገኙ። በሕዋሳችን ውስጥ አርኤንኤ ያለበት፣ ፕሮቲን የሚሠራ ፋብሪካ አለ፤ ዶዴካንድሪን ይህን ፋብሪካ ያቆመዋል። ከልብስ ማጠቢያ ተነሥቶ እስከ አርኤንኤ ደረሰ ማለት ነው።

በ1990 ኦሃዮ በሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን የሜዳ አህያ መልክ ያለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ታየ። ይህ እንስሳ በ2009 እኛ ዓሣ ለማጥመድ በምንሄድበት በቴክሶማ ሐይቅም ተገኝቷል። በ1993 ለአጠቃቀሙ ፓተንት ተሰጠ። የአድዋ እናቶች ግን ባለቤት ተብለው አልተመዘገቡም።

ዶክተር አክሊሉም አልተመቻቸውም። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ምርምር በቀላሉ ስለማይታመን ብዙ ዓመት ተከራከሩ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ወገኖቻችን፣ ይህን ያነሣነው ሰው ለማወደስ ብቻ አይደለም። በየአፓርታማችን አራስ ልትጠይቅ፣ ልጅ ልትይዝ ከሀገር ቤት የመጣች እናት አለች። እኛ ሥራ ውለን ስንመለስ «በልተሻል ወይ?» ከማለት በቀር የምታውቀውን አንጠይቃትም። ልጆቻችን ሲጠይቋትም አማርኛው ስለሚያንሳቸው፣ እኛም ለማስተርጎም ስለምንሰለች ወሬው ይቋረጣል። ተመልሳ ስትሄድ ያላትን ይዛ ትሄዳለች። እኛም በልጅነታችን «የኋላ ቀር ነገር» ብለን የተውነው ስንት ነው?

ስለዚህ ለሚቀጥሉት 10 ዓመታት አንድ ነገር እንለምናለን። በወር አንድ ቅዳሜ አንድ እናት ወይም አንድ አባት ልጆቻችን ፊት ይቀመጡ፤ የሚያውቁትን ይንገሩ፤ ልጆች ይጠይቁ፤ እኛ እናስተርጉም፣ እንጻፍ። የመጀመሪያውን ትምህርት ከደጃችን መጀመር ይቻላል፤ በዚህ አካባቢ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ባለ ጥቁር ፍሬው ፖክዊድ የእንዶድ ዘመድ ነው። መርዝ ስለሆነ ግን ልጆች እንዳይቀምሱት አደራ።

ከልጆቻችን አንዷ ነገ በላቦራቶሪ ውስጥ የምትከፍተው በር ቁልፉ በአያቷ እጅ ይሆናል። አያቷ ሳትሄድ ትጠይቃት።