ያሸነፈ ቡድንና የልጅነት ልብ

(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያነበበው ንግግር ነው፤ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ወር ስብሰባችን ለሰፈራችን ልጆች የእግር ኳስ ቡድን ጫማና ኳስ እንዲገዛ፣ ወደ ኮምቦልቻ ለግጥሚያ የሚሄዱበት የመኪና ኪራይም እንዲከፈል ሐሳብ ቀርቦ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ አንድ አባት ተነስተው «ለሚሸነፍ ቡድን ምን መዋጮ ያስፈልጋል? መጀመሪያ ያሸንፉና እናያለን» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እኛም ከሳቁት ነበርን። ማታ ቤት ገብተን ስናስበው ግን ነገሩ አላስተኛንም። ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ ስህተት ቢገኝ አርሙን።

እኒያ አባት ያሉት ሐሰት አይደለም። ሰው ያሸነፈን ይወዳል። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስለ ኳስ ጠይቋቸው፤ ወሬያቸው የሚጀምረው ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ሁለት ጊዜ ተመርታ፣ ሁለት ጊዜ አቻ አድርጋ፣ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ሽማግሌዎቻችን ትናንት የበሉትን ይረሳሉ፤ ይህን ግን አይረሱም። ለምን ቢባል ያኔ ልጆች ነበሩ።

እኛ በአርባዎቹ ያለነውም የራሳችን ቀን አለን። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.፣ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ። አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ወጥተን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የት ተገኝቶ! ራዲዮ ግን ነበረ። የባትሪ ድንጋዩ እንዳይደክም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ። ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ የእስላሙም የክርስቲያኑም ቤተሰብ በአንድ ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ከትልልቆቹ እግር ሥር ተቀምጠን። የ1977ቱ ረሃብ ካለፈ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ያልጎደለበት ቤት ጥቂት ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አይተን እናውቅ ነበር፤ በደስታ ሲያለቅሱ ያየነው ግን ያን ቀን ነው። ኳስ እንዲህ አድርጎ ሆዳችን ገባ።

ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የአባላችን ልጅ ይህን ሲሰማ ከአሜሪካ የመጣ ነገር አነበበልን። እዚያ ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አለ፤ ትንሽ ኳስ በዱላ ይመታና የመታው ይሮጣል፤ ለእኛ ከገና ጨዋታ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም። በ2006 ዓ.ም. አንድ የኢኮኖሚ ምሁር የፌስቡክ ደጋፊዎችን ዕድሜ አመሳክሮ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ እንደጻፈው፣ አንድ ቡድን ዋንጫ ሲወስድ ዕድሜያቸው ስምንት ዓመት አካባቢ የነበሩ ወንዶች ልጆች ካደጉም በኋላ የዚያው ቡድን ደጋፊ ሆነው ይገኛሉ። ሃያ ዓመት ሞልቶት ዋንጫ ያየ ሰው ግን ያን ያህል አይያዝም። እንዴ! እኛስ በ1980 ስንት ዓመታችን ነበር?

ስለዚህ ልጆቻችን የእንግሊዝ ቡድን ማልያ ለብሰው ሲዞሩ መቆጣታችንን ብንተው ይሻላል። አርሴናል በ1996 ዓ.ም. አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ ስምንት ዓመታቸው የነበሩት ዛሬ ሠላሳ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሃያ ዓመት ሙሉ የሊጉን ዋንጫ ሳያገኝ እነሱ ግን አልከዱትም። በየሳምንቱ ሻይ ቤት ገብተው ተቃጥለው ይወጣሉ።

የራሳችን ብሔራዊ ቡድንስ? ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀበት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ደሴ እንዴት እንደነበረች ያየ ያውቃል። በደቡብ አፍሪካው ውድድር ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣ፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ያም ሆኖ ዛሬም ሲጫወት ሥራ ፈትተን እናያለን። ፍቅሩ የገባው በማሸነፍ ነው፤ የቆየው ግን አብሮን በተቀመጠው ሰው ይመስለናል። እኛ የ1980ን ጎል አላየነውም፤ የምናስታውሰው የአያታችንን ጋቢና የራዲዮውን ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጆቹ ሲያሸንፉ ሆጤ ሜዳ ድረስ ተከትለን ጨፍረናል፤ ጸሐፊው በትከሻው ልጅ ተሸክሞ እንደነበር ምስክር አለ። ዘንድሮ በተከታታይ ሲሸነፉ ሜዳው ዳር የቆሙት ሦስት እናቶች ብቻ ነበሩ። ማኅበሩም አልተገኘም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከልጆቹ አንዱ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ «ጋሼ፣ ስለተሸነፍን ነው የቀራችሁት?» ብሎ ጠየቀን። ሥራ ነበረብን ብለን ዋሸነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ከእያንዳንዱ አባል በወር 10 ብር እንዲዋጣ ሐሳቡን በድጋሚ ያቀርባል። ጥያቄውን ያነሱት አባት ቅር እንዳይላቸው፤ ሐሳባቸው ነው እዚህ ያደረሰን፣ አብሽሩ።

ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ቅጥቅጥ የፊታችን እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ከማኅበሩ ቤት ይነሳል። ሐረጎ ላይ ጉም ስለሚኖር ልጆቹን አልብሷቸው። መኪናው 24 ሰው ይይዛል፤ 15ቱ የተጫዋቾቹ ነው። ዘጠኝ ቦታ ቀርቷል። መሄድ የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ማታ ስማችሁን አስመዝግቡ።