ቀይዋ ነጥብ ከጥይቱ ጋር የምትገናኘው እንዴት ነው?

ዛሬ የምናነሳው በአደን ጠመንጃ ላይ ስለሚገጠመው ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ነው። የስዊድኑ ኤይምፖይንት ኩባንያ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ቀይ ነጥብ ለገበያ ያቀረበው በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ማነጣጠሪያ ከሌዘር ጋር ያምታታዋል። ሌዘር ብርሃኑን ዒላማው ላይ ያሳርፋል። እዚህ ግን በማነጣጠሪያው ውስጥ ካለች ትንሽ መብራት የሚወጣው ጨረር ከፊት ባለው መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይን ገልጦ ማነጣጠር ይቻላል።

አገጣጠሙ ላይ ችኮላ አይበጅም። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጥይት እንዳልጎረሰ ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ቀጥሎ የማነጣጠሪያው ማቀፊያ የሚያርፍበት ሐዲድ ከዘይት ይጸዳል፤ ብሎኖቹም አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ። ብሎን ከላላ በየተኩሱ ንዝረት ማነጣጠሪያው ይንሸራተታል፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክሉ ቢውሉ ከንቱ ድካም ነው።

ማስተካከያው የሚካሄደው በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፎ ነው። አንድ ቦታ እያነጣጠሩ ሦስት ጥይት ይተኮሳል። የሚለካው የሦስቱ ቀዳዳዎች መሐል እንጂ የአንዱ ብቻ አይደለም። ጥይቶቹ ወደ ግራ ካረፉ የማስተካከያው ብሎን በ«ቀኝ» ምልክት አቅጣጫ ይዞራል። ሲዞር «ቀጭ» ይላል፤ አንዷ ቀጭ አንድ የማዕዘን ደቂቃ ከሆነች፣ የጥይቱን ማረፊያ በ100 ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ50 ሜትር ደግሞ ግማሹን ያህል ታዛውራለች።

የጥይት ዓይነት ከቀየራችሁ ወይም ጠመንጃው ከወደቀባችሁ፣ እባካችሁ ወደ አደን ከመውጣታችሁ በፊት እንደገና ተኩሳችሁ ፈትሹ።