ጠማማውን የፊት ሹካ ስለ መመርመርና ስለ ማቃናት
(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው። ይኸውም ጎማው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ወደ ጎን ዞሮ ስለሚታይ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ነጂው ለጥቂት ቀን ቅር ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ይለምደዋል። አደጋው ያለው በዚህ መልመድ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚያወርደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለበት፤ ከዋናው መንገድ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች ሲገባ ደግሞ ጠጠርና ቦይ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ሞተር ነጂውን ወዴት እንደሚወስደው መናገር አያስፈልግም። በእንዲህ ያለው መንገድ የሚመላለሱት ደግሞ የግብርናና የጤና ሠራተኞች፤ የእኛው ወንድሞችና እኅቶች ናቸው።

በመጀመሪያ ሹካው ምን እንደሆነ እንግለጽ። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት እግሮች ናቸው። በጥንቶቹ ሞተሮች ላይ፤ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ባመጧቸው ዓይነቶች ሁሉ፤ ሹካው በመጋጠሚያ ዘንጎችና በሞላ የሚንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ ኩባንያ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበትንና በዘይት የሚለዝበውን ሹካ በሞተሮቹ ላይ ካወጣ ወዲህ ግን ይህ ዓይነት እየተስፋፋ ሄደ። ሁለቱ ቱቦዎች ከመሪው ሥር በላይኛውና በታችኛው ማቀፊያ ተይዘዋል፤ የያዛቸውም የማጥበቂያ ቡሎን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ከድንጋይ ሲጋጭ ወይም ሞተሩ በመሪው ላይ ሲወድቅ፤ ቱቦዎቹ ሳይጎብጡ በማቀፊያው ውስጥ ሊዞሩ ይችላሉ። ሊጤን የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ «ጎብጧል» ተብሎ ወደ መዶሻ የሚወሰደው ሹካ ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘ ብቻ ነው።

ሆኖም ሹካውን ከመክሰሳችን በፊት ሌሎቹን እንመርምር። የጎማው ነፋስ ልክ ነውን? መሪው ራሱ አልጎበጠምን? የአንገቱ ኩሽኔታ ሲዞር አይነክስምን? ከሁሉም ይልቅ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ተቀምጧልን? የሰንሰለቱ ማስተካከያ በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ የኋላው ጎማ ይዞራል፤ ነጂውም ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን ለማጣመም ይገደዳል። ይህን ለማወቅ ከኋላው ጎማ በሁለቱም ወገን ሲባጎ ወደ ፊት ወጥሮ ማየት ይበቃል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ወደ ሹካው እንመጣለን። የሚያስፈልገን የእጅ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ መስተዋት ነው። ከታችኛው ማቀፊያ በታች በሚታየው ለስላሳ የቱቦ ክፍል ላይ መስተዋቱን በሁለቱ ቱቦዎች ላይ አጋድመን እናስደግፈው። በአራቱም ማዕዘን ከነካ ቱቦዎቹ ትይዩ ናቸው። በሁለት ማዕዘን ብቻ ነክቶ ከተወዛወዘ ሹካው ተጠማዝዟል።

የማቃናቱ ሥራ በተራ ይካሄዳል። ሞተሩን በመቆሚያው ላይ አጽንተን የፊቱን ፔርኖ፤ የፓራፋንጎውን ቡሎኖች፤ የሁለቱን ማቀፊያዎች ማጥበቂያና በመሪው አንገት ላይ ያለውን ዳዶ እናላላለን። ማላላት እንጂ መፍታት አይደለም፤ ቱቦዎቹ መንሸራተት የለባቸውም። ከዚያ ከፊት ለፊት ቆመን ጎማውን በጉልበታችን መካከል ይዘን መሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን ቀስ ብለን እናዞራለን፤ መስተዋቱም በአራት ማዕዘን እስኪቀመጥ ድረስ እንደጋግማለን። ቀጥሎ የታችኛውን ማቀፊያ፤ የአንገቱን ዳዶ፤ የላይኛውን ማቀፊያ በዚህ ቅደም ተከተል እናጠብቃለን። የፔርኖው ዳዶም ይጠበቃል፤ ፔርኖውን በእግሩ ጫፍ ላይ የሚቆነጥጠው ቡሎን ግን ለጊዜው ላላ ብሎ ይቆያል። አሁን ሞተሩን ከመቆሚያው አውርደን የፊት ፍሬኑን ይዘን ሹካውን ደጋግመን ወደ ታች እንጫነው። እግሮቹ የራሳቸውን ቦታ ያገኛሉ፤ የቀረው ቡሎንና ፓራፋንጎውም ያን ጊዜ ይጠበቃሉ። የማጥበቂያው ኃይል በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መስተዋቱ አሁንም ከተወዛወዘ ቱቦዎቹ ይውጡ፤ ይጠረጉና በወፍራም መስተዋት ላይ ይንከባለሉ። ቀጥ ያለ ቱቦ በጸጥታ ይንከባለላል፤ የጎበጠው ከሥሩ ብርሃን ያሳያል። ብዙ የአምራቾች መመሪያዎች የሚፈቅዱት ጉብጠት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ቱቦ ማቃናትንም ይከለክላሉ። እሳትና መዶሻ ብረቱን ያደክማሉ፤ የክሮም ልባሱንም ይሰነጥቃሉ፤ የተሰነጠቀው ልባስ ጎሚኒውን ይቆርጣል፤ ዘይቱም ወደ ፍሬኑ ይወርዳል። የተሰነጠቀ ማቀፊያን በብየዳ መልሶ መንገድ መውጣትም እንዲሁ ነው። ለአሮጌ ሞተር ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ዕቃው እስኪገኝ ሞተሩ ቢቆም ይሻላል።

በመጨረሻ ከመፍቻ የማይገኝ አንድ መድኃኒት እናመልክት። በመሥሪያ ቤት ሞተር የወደቀ ሰው፤ «ከደመወዜ ይቆረጥብኛል» ብሎ ውድቀቱን ይደብቃል፤ ሞተሩን በማግሥቱ የሚረከበው ባልደረባው ሳያውቅ ይነዳዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፤ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይኑረው፤ ውድቀቱም፤ ምርመራውም፤ የተለወጠው ዕቃም ይጻፍበት፤ ስለ ጻፈም ማንም አይቀጣ። ይህ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። እዚሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም በሚጠራው ወንጌል ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። አባቶቻችን ንብረታቸውን መዝግበው ከጠበቁ፤ እኛ የባልንጀራችን ሕይወት ለተንጠለጠለበት ዕቃ አንድ ደብተር መያዝ አያቅተንም።