ድልድዩን የሚሻገረው ልጁ ብቻ አይደለም



በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ስካውት ያስመዘግባሉ። ልጁ ከታናናሾቹ ደረጃ ወደ ታላላቆቹ ሲሸጋገር ግን «በደስታ ይሄድ የነበረው ልጅ ምን ነካው?» የሚል ጥያቄ ቤት ውስጥ ይነሳል።

ስካውትን በእንግሊዝ አገር የጀመረው ቤደን ፓወል ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ወንዶች ልጆችን ይዞ ሰፈረ። ታናናሾቹም «እኛስ?» ማለታቸው አልቀረምና በ1916 ለእነሱ የተለየ ደረጃ ተከፈተ። ስለዚህ ሁለቱ ደረጃዎች ከጥንቱም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ከ2025 ወዲህ ስካውቲንግ አሜሪካ በሚባለው ድርጅት ታችኛው ደረጃ ከብ ስካውት ሲሆን እስከ 5ኛ ክፍል ይዘልቃል። ላይኛው በአብዛኛው ከ11 እስከ 17 ዓመት ላሉት ነው። (ሴቶች ልጆችም በታችኛው ከ2018፣ በላይኛው ከ2019 ጀምሮ ይገባሉ።) ብዙ ቡድኖች በሽግግሩ ቀን ትንሽ የእንጨት ድልድይ ዘርግተው ልጆቹን ያሻግራሉ። ጭብጨባ አለ፣ ፎቶግራፍ አለ። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

በታችኛው ደረጃ ሁሉን የሚያዘጋጁት ወላጆች ናቸው። ልጁ ከአባቱ ጋር በአንድ ድንኳን ያድራል። በላይኛው ግን ስብሰባውን የሚመራው ምናልባት የ15 ዓመት ልጅ ነው። ልጆቹ በትንንሽ ጓድ ተከፍለው አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ የምግብ ዝርዝራቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ። ልጁ የሚያድረውም ከእኩያው ጋር ነው። አባት ይህን ሲያይ «ልጅ ልጅን እንዴት ይመራል?» ይልና ገብቶ ያስተካክላል። ያን ጊዜ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ ቀስ በቀስም ይቀራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሃያ ዓመት ገደማ የነበረውን ኡሳማ ኢብን ዘይድን በታላላቅ ሶሐቦች ላይ አዛዥ አድርገው ሲሾሙም በዕድሜው ያጉረመረሙ ነበሩ።

ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ምግቡ ነው። ወላጅ ለአሠልጣኙ ደውሎ ሊጨርሰው ይችላል፤ ለትንሹ ልጅ ተገቢም ነው። ለ11 ዓመቱ ልጅ ግን የምግብ ዝርዝር የሚወጣበት ስብሰባ ከመድረሱ በፊት ቤት ውስጥ አለማምዱት። «የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ ሌላውም ሥጋ ሐላል ካልሆነ አልበላም። እንቁላልና ዓሣ ቢሆን እኔ አበስላለሁ» ይበል። የራሱን መጥበሻ ስጡት። እንቁላል መጥበስ ካልቻለ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አስተምሩት። አለርጂና መድኃኒትን የመሰለ ነገር ግን የአዋቂ ጉዳይ ነውና እናንተው ለኃላፊዎቹ ንገሩ።

ሰላትም እንደዚሁ ነው። የሰላት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት በቦርሳው ይኑር። ኮምፓስ መጠቀም ከሚማረው ነገር አንዱ ስለሆነ ቂብላውን ራሱ ይፈልግ፤ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ዱሐ እስኪሆን የሚተኛ ልጅ ግን ጫካ ውስጥ ለፈጅር ይነሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ልምዱ ከቤት ይጀምር።

ቡድን የምትመርጡት በድልድዩ ቀን አይደለም። ልጁ 5ኛ ክፍል ሲገባ፣ ገና በመከሩ ወራት፣ ሁለት ሦስት ቡድኖችን ይዛችሁት ጎብኙ። ከኋላ ተቀመጡና ማን እንደሚናገር ተመልከቱ። አዋቂዎቹ ብቻ የሚናገሩበት ቡድን ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ከተቻለ ልጁ ከሚያውቀው ጓደኛ ጋር አብሮ ይሻገር። ትንንሾቹን እንዲረዳ የሚመደብ ታላቅ ስካውት ካለ ደግሞ ልጁ ከእሱ ጋር አስቀድሞ ይተዋወቅ፤ አዲስ ቤት ሲገባ አንድ የሚያውቀው ፊት ያገኛል።

አባት ሥራ አያጣም። መኪና የሚነዳ፣ ዕቃ የሚጠግን፣ በወላጆች ኮሚቴ የሚቀመጥ ሁልጊዜ ይፈለጋል። በካምፑ ግን ድንኳኑን ከአዋቂዎቹ በኩል ይትከል፤ ልጁ እሳቱን ለማቀጣጠል ሦስት ክብሪት ቢያበላሽም ከመቀመጫው አይነሳ።