ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በዝናብ

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለዚያ የብስክሌት ጉዞ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ጻካኔ ውስጥ ታሪኩን ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፤ የሰማውም ሁሉ ከራሱ ጨምሮበታል። አንዱ ደርባን ደርሶ ተመለሰ ብሏል። አንዲት እኅታችን ደግሞ መብረቅ መትቶት ተነሣ ማለቷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲያው እውነቱን ራሴ ልናገር ብዬ ቆሜያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእድራችን ስብሰባ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ በሌቦች ጥይት ተመትቶ ወገቡ የተጎዳው ወንድማችን ከሆስፒታል ሊወጣ ነበር። እግሮቹ አይታዘዙለትም። ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያግዘው ሰውም ያስፈልገዋል። የእድሩ ካዝና ደግሞ በዚያው ዓመት ሁለት አስከሬን ወደ አገር ቤት ልኮ ባዶውን ቀርቷል። መዋጮ ተባለ። መዋጮ ሲባል ፊታችን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በመጨረሻ እኔ ሳላስበው ተነሥቼ፣ «በብስክሌት 200 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ በየኪሎ ሜትሩ የቻላችሁትን ክፈሉ» አልሁ። ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን መጻፍ ጀመሩ። አብዛኛው በኪሎ ሜትር 1 ራንድ ገባ። አንድ አባታችን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ «እኔ 10 ራንድ እከፍላለሁ፤ ግን በሰዓቱ ከጨረስህ ብቻ ነው» አሉ። በሰዓቱ የሚለውን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ አፌን ይዞኝ ስለ ሕጉ አስረድቻቸው ነበር።

ሕጉ ይህ ነው። በዓለም ላይ ውድድር ያልሆነ የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ አለ። አንደኛ የለም፣ ሁለተኛ የለም። 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ፣ 300 በ20 ሰዓት፣ 400 በ27 ሰዓት፣ 600 በ40 ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ሁሉ ጨረሰ ይባላል። ተጓዡ ካርድ ይይዛል፤ በየመቆጣጠሪያው ጣቢያ ማኅተም ወይም ፊርማ ያስደርጋል። ከጣቢያ ውጭ ማንም አይረዳውም፤ ጎማው ቢፈነዳ ራሱ ይጠግናል፣ ቢርበው ከራሱ ከረጢት ይበላል። የዚህ ሁሉ አባት ከፓሪስ ተነሥቶ ብሬስት ደርሶ ወደ ፓሪስ የሚመለሰው 1200 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሲጀመር እውነተኛ ውድድር ነበር፤ ሻርል ቴሮን የተባለ ፈረንሳዊ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አሸነፈ። ቱር ደ ፍራንስ የተጀመረው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ዛሬ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ የጊዜ ገደቡም 90 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ከተነሡት መካከል ከሦስት አንድ የሚጠጋው ሳይጨርስ ቀርቷል። ይህን ሁሉ ያነበብሁት ታክሲ ውስጥ ደንበኛ ስጠብቅ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ማንበብ አይተወውም፤ ምን ያድርግ።

እኛም ከብስክሌት የራቅን ሕዝብ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። የዚያን ቀን የመንገዱ ውድድር ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይም ተሰልፏል። አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም፤ ገረመውን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በእኛ ዘመን ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እርሱም ከዚያ በፊት የጋለበው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ በተመዘገበው የኩቤካ ቡድን ውስጥ ነው። ኩቤካ በዙሉ ቋንቋ ወደ ፊት መግፋት ማለት መሆኑን እዚህ ሰፈር ያደጉት ልጆቻችሁ ይነግሯችኋል።

እኔ ብስክሌት የለመድሁት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ተማሪ ሆኖ ብስክሌት የማይነዳ የለም፤ ከተማው ሜዳ ነው። አንድ ክረምት ከጓደኛዬ ጋር ጢስ ዓባይ ደርሰን ስንመለስ ጭቃው ጎማውን ይዞ አላዞር ብሎን ብስክሌቱን ተሸክመን ገብተናል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ኮርቻ ላይ አልወጣሁም። ይባስ ብሎ ታክሲ ነጂ ሆንሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ብስክሌተኛ ሳይ ጥሩምባ የምነፋ፣ ቢጫውን መስመር አልፌ ትከሻው ላይ የምነዳ ሰው ነበርሁ።

ቀኑን ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. አደረግሁት። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 16 ነው፤ በዓል ስለሆነ የድንጋይ ከሰል የሚጭኑት መኪናዎች ይቀንሳሉ ብዬ ነው። ያልቆጠርሁት ግን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ አገር ቤት በጋ ሲሆን እዚህ ክረምት መሆኑን። ሁለተኛ፣ ጾመ ነቢያት ላይ መሆናችንን፣ በዚያም ላይ ዕለቱ ዓርብ ነው። በሶ በጥብጬ በሁለት ጠርሙስ ሞላሁ፤ ለውዝ፣ ሙዝና ዳቦ ቆሎ ያዝሁ። ከቀትር በፊት መብላቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ የሰጡኝ ቀኖና በእኔና በእርሳቸው መካከል ይቅር።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከጻካኔ ተነሣሁ። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሯል። ኤን 3 ላይ ብስክሌት ክልክል ስለሆነ የያዝሁት አሮጌውን አር 23ን ነው፤ ሃይደልበርግን፣ ባልፎርን፣ ግሬይሊንግስታድን አልፎ ወደ ስታንደርተን የሚወርደውን። ሹፌር ሆኜ ዝናብ ማለት መጥረጊያውን ማብራት ነበር። ብስክሌት ላይ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ፍሬኑ ሲርስ ቶሎ አይዝም፤ መጀመሪያ ውኃውን ከቸርኬው ላይ መጥረግ አለበት፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። የመንገዱ ቀለም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የተሰበረ ጠርሙስ እርጥብ ጎማ ላይ ተጣብቆ እየዞረ ይገባል፤ ጎማ በዝናብ ቀን የሚበሳውም ለዚህ ነው። እግሬን በዳቦ ፌስታል ጠቅልዬ ጫማ አጥልቄ ነበር፤ ውኃው ከላይ ገብቶ ፌስታሉ ውስጥ ተጠራቀመ። ዓሣ የማረባ መሰልሁ።

መቆጣጠሪያ ጣቢያዎቼ የእኛው ወንድሞች ሱቆች ነበሩ። ሃይደልበርግ አጠገብ ራታንዳ፣ ባልፎር ላይ ሲያቴምባ፣ ግሬይሊንግስታድ ላይ ንቶሮዋኔ። በየሰፈሩ አንድ ሐበሻ እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። ካርዱን ከካርቶን ቆርጬ የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ሰዓትና ፊርማ ይጻፍበታል። ራታንዳ ላይ ያገኘሁት ወንድም ፈረመና፣ «ሰው በደኅናው ጊዜ ይህን ያደርጋል?» አለኝ። ሲያቴምባ ላይ ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ።

ስለ ሦስተኛው ግን ትንሽ ልቆይ። ንቶሮዋኔ ስደርስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ከውስጥ አንድ ልጅ ብቅ አለ፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። በዙሉ ምን ልስጥህ አለኝ። «ሰላም ነው ወንድሜ?» ስለው እቃው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ በፍርግርጉ ቀዳዳ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። ባለ ሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ጆሃንስበርግ ከሄደ ሳምንቱ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ በአማርኛ ያናገረው የመጀመሪያ ሰው እኔ መሆኔን ነገረኝ። የመጣው ከሆሳዕና ነው፤ በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን አቋርጦ። ሌሊት ከውስጥ ቆልፎ ዱቄት ጆንያ ላይ ይተኛል። «አንድ ነገር ብሆን ማን ያውቃል?» አለኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም፣ እንዲሁ ሲጠይቅ ነው። መልስ አልነበረኝም። የማኅበራችንን ስልክ ካርቶን ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ እርሱ ደግሞ ካርዴ ላይ ሙሉ ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቀበሌውን ጭምር ጻፈ። ፊርማ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ግማሽ ሰዓት አብሬው ቆየሁ። ይህ ግማሽ ሰዓት በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ከግሬይሊንግስታድ አለፍ ብሎ ቆጣሪዬ 100 ሲል ዞርሁ። በምመለስበት ጊዜ ልጁ በር ላይ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወደ 7 ሰዓት ግድም ሰማዩ ጠቆረ። የዚህ አገር የከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሜዳ ላይ ከፍ ያለው ነገር እኔ ብቻ ነኝ። ከዛፍ ራቅሁ፣ ከሽቦ አጥር ራቅሁ፣ ብስክሌቱን ጥዬ ዝቅ ያለ ቦታ ቁጢጥ አልሁ። በረዶው የራስ ቁሬን እንደ ከበሮ መታው። 40 ደቂቃ። መብረቁ አልመታኝም፤ እኅቴ ሆይ፣ መትቶኝም አልተነሣሁም። ስነሣ ግን ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፤ በዝናብ የሚጎዳው መሄዱ ሳይሆን መቆሙ ነው።

እስከ ባልፎር ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳብኝ፤ የያዝኋቸው ሁለት ካላማዳሪያዎች አለቁ። ሦስተኛው ከሃይደልበርግ ከወጣሁ በኋላ ነው። መለጠፍ ነበረብኝ፤ ማስቲሹ እርጥብ ጎማ ላይ አይዝም። የሚደርቅ ጨርቅ ሰውነቴ ላይ የለም። ካላማዳሪያውን ሸሚዜ ውስጥ ብብቴ ሥር ከትቼ በሰውነቴ ሙቀት ማድረቅ ጀመርሁ።

በዚያ ሰዓት ነው የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን አጠገቤ ያቆመው። ማሞቂያው በርቷል። «ግባ፤ ብስክሌቱን ከኋላ እጭናለሁ። ሰፈሩ መግቢያ ላይ አወርድሃለሁ፣ ማን ያያል?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመኪናውን በር ከፍቻለሁ። አንድ እግሬንም አስገብቻለሁ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያሰብሁት ስለ ክብር ምናምን አይደለም። ኪሴ ውስጥ ካርዱ ነበር፤ ያ ልጅ እስከ አያቱ የጻፈበት። ያ ሁሉ ስም ያለበትን ወረቀት ይዤ ልዋሽ? እግሬን አወጣሁ። ባልደረባዬ፣ «እብድ ነህ» ብሎ ሄደ። የኋላ መብራቱ ሲጠፋ ክፉኛ ቆጨኝ።

ማስቲሹ በመጨረሻ ያዘ። ጻካኔ ስገባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። ገደቡ 12 ሰዓት ከ30 ነው። 22 ደቂቃ አሳልፌያለሁ። ቁጥሩ 200 ኪሎ ሜትር ሞልቷል፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። ባለቤቴ ፎጣ ይዛ መንገድ ላይ ቆማለች፤ ሕጻናቱ በዙሉ ይጮኻሉ፤ ጻካኔ በጾንጋ ቋንቋ ደስታ ማለት ነው ይባላል፣ በዚያ ምሽት ግን እኔ የፈለግሁት ሙቅ ውኃ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሒሳብ ተደረገ። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ፣ ሰዓቱን ራሴ አነበብሁ። ከ8000 ራንድ በላይ ገባ። ወንበሩ ተገዛ፤ ወንድማችን ዛሬ እዚያ ከኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦበታል። 10 ራንድ የገቡት አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን መረመሩና፣ «ልጄ፣ 22 ደቂቃ አልፈሃል፤ አልከፍልም» አሉ። ተከራከርናቸው፤ አልተበገሩም። እስከ ዛሬም አልከፈሉም። ነገር ግን በማግሥቱ መኪናቸውን አስነሥተው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ግሬይሊንግስታድ ድረስ ወርደው ያንን ልጅ በማኅበራችን መዝገብ ላይ አስፈረሙት። የመጀመሪያ ዓመት መዋጮውንም ከኪሳቸው ከፈሉ። ይህን ያወቅሁት ከስድስት ወር በኋላ መዝገቡን ስገለብጥ ነው።

ካርዱ አሁን ጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዝናቡ ቀለሙን አፍስሶት የራታንዳው ፊርማ ጠፍቷል፤ የልጁ ስም ግን እስከ አያቱ ድረስ ይነበባል። ማየት የሚፈልግ ከምሳ በኋላ ገብቶ ይመልከት።