ሞተር ዳገት ያወጣል፤ ቁልቁለት የሚያወርደው ፍሬን ነው

ዛሬ የምንነጋገረው በተራ ብስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለመግጠም ነው።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ብስክሌት ይበዛባቸዋል። ዳገት በበዛበት አገር ግን ባለ ብስክሌቱ ወርዶ ይገፋል። እህል ከጫነበትማ መግፋቱም ያታክታል። ሞተር ይህን ድካም ያቀልልናል። ነገር ግን በደንብ ያልተገጠመና ያልተፈተነ ሞተር ሰው ይጥላል፣ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ አገጣጠሙንም አፈታተኑንም አብረን እንይ።

ዕቃዎቹ ምንድን ናቸው? ሞተሩ በቸርኬው እምብርት ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ከእሱ ጋር ባትሪ፣ ኃይሉን የሚቆጣጠር ሳጥን፣ ፍጥነት መስጫና የፍሬን እጀታዎች አሉ።

ጉልበቱስ ምን ያህል ነው? ጤነኛ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ፔዳል ሲረግጥ 100 ዋት ያህል ጉልበት ይሰጣል። ባለ 250 ዋት ሞተር እንግዲህ የሁለት ሰው ተኩል ጉልበት አለው ማለት ነው። ባትሪው 36 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት ከሆነ፣ 36 ጊዜ 10፣ 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ፔዳል እየረገጥን በሜዳ ስንሄድ ለ1 ኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ያህል ይበቃል። 360 ለ10 ሲካፈል 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዳገትና ጭነት ካለ መንገዱ ያጥራል።

አሁን ወደ መግጠሙ እንሂድ። ሞተሩን በፊት ጎማ በኩል መግጠም ይቀላል። የኋላው ጎማና ካቴናው እንዳሉ ስለሚቀሩ፣ ባትሪው ቢያልቅ በፔዳል ቤታችን እንገባለን። የፊቱ ሹካ ግን ጠንካራ ብረት መሆን አለበት። የዛገና የተሰነጠቀ ሹካ ሞተር አይችልም።

ትልቁ ነገር ዘንጉ ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ዘንጉን ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። ዳዶው ከላላ ዘንጉ ዞሮ ሽቦውን ይበጥሳል፤ ከሹካው ወልቆም ነጂውን በግንባሩ ይደፋዋል። እጀታው የላላ መጥረቢያ ስንፈልጥበት ይወልቅ የለም? ይህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዘንጉ እንዳይዞር የሚያግድ ብረት ከሹካው ጋር ይታሰራል፤ ዳዶውም በቁልፍ በደንብ ይጠብቃል።

ባትሪው ከብስክሌቱ አካል ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰር። የሚገናኘው ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀዩ ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይያያዛል።

ከዚያ ፈተናው ይቀጥላል።

1ኛ. የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተን ፍጥነቱን ቀስ ብለን እንስጥ። ጎማው ወደ ፊት መዞር አለበት።

2ኛ. ጎማው እየዞረ ፍሬን እንያዝ። ሞተሩ ወዲያው ካላቆመ መንገድ አንወጣም።

3ኛ. ያለ ጭነት፣ ሰውና ከብት በሌለበት ሜዳ 10 ደቂቃ እንንዳ። ወርደን ዳዶውን እንይ፤ ሽቦው ግሎ እንደሆነም እንዳስስ።

4ኛ. ከዚህ በኋላ ጥቂት ጭነት እንጨምር፤ በትንሽ ቁልቁለትም ፍሬኑን እንፈትን።

ለምን ይህን ያህል ስለ ፍሬን እንጨነቃለን? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ2 ሜትር የሚቆም ብስክሌት፣ በ20 ሲሄድ 8 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በዚያ 8 ሜትር ውስጥ ሕፃን ሊገባበት ይችላል። ጭነት ሲበዛ ደግሞ ፍሬኑ ይበልጥ ይከብደዋል። ያረጀ የፍሬን ላስቲክ መጀመሪያ ይለወጥ፤ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ስለ ባትሪውም አንድ ነገር እንጨምር። የሊቲየም ባትሪ ከተበላሸ እሳት ያስነሣል። በራሱ መሙያ፣ ሰው እያየው፣ ከጭድና ከሣር ክዳን ርቆ ይሞላ። ሞልተነው አንተኛ። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ጨርሶ አይሞላ።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ገበያ ስለደረሰ ብለን በችኮላ የገጠምነው ሞተርም በመንገድ ላይ ይፈታል። እህሉ ለሚቀጥለው ገበያ ይደርሳል። የተሰበረ እግር ግን ለእርሻ አይደርስም።