ያገኘ፣ የያዘና የወረሰ
የወደቀና የተቀበረ ዕቃ በእንግሊዝ ሕግ

(በመሐንዲሶች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




መሬት የሚቆፍርና አሮጌ ቤት የሚያፈርስ ሁሉ፣ ሌላ ሰው ጥሎት ወይም ሸሽጎት ከሄደው ነገር ጋር አንድ ቀን መገናኘቱ አይቀርም። ከደለሉ ውስጥ ቀለበት ይወጣል፤ ግድግዳው ሲናድ የገንዘብ ሣጥን ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሥራው ቦታ ችሎት ይሆናል። ሠራተኛው «እኔ አገኘሁት» ይላል፤ ተቋራጩ «በእኔ ደመወዝ ስትሠራ ያገኘኸው ነው» ይላል፤ ባለመሬቱ «ከመሬቴ የወጣ የእኔ ነው» ይላል። ከሦስቱ በስተኋላ ደግሞ ድምፁ የማይሰማ አራተኛ ሰው አለ፤ ይኸውም ዕቃውን የጣለው ወይም የደበቀው ባለቤት፣ እርሱም ሞቶ እንደ ሆነ ወራሹ ነው።

ይህን ክርክር የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲመረምሩት ኖረዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ከፍርዶቹ ጥቂቶቹን አቅርቦ በውስጣቸው ያለውን አንድ ሐሳብ ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሕጉም የእንግሊዝና የዌልስ እንጂ የተለየ ሥርዓት ያላት የስኮትላንድ አይደለም።

የመጀመሪያው በ1722 የተፈረደው የጢስ ማውጫ ጠራጊው ልጅ ጉዳይ ነው። ልጁ የከበረ ድንጋይ ያለበት ጌጥ አገኘና ምንነቱን ለማወቅ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ሱቅ ወሰደው። በሱቁ የነበረው ተለማማጅ የሚመዝን መስሎ ድንጋዮቹን ከማቀፊያቸው ፈልቅቆ አወጣ፤ ለልጁም የቀረበለት ዋጋ አንድ ፔኒ ተኩል ብቻ ነበር። ልጁ ግን ገንዘቡን አልቀበልም፣ ዕቃዬን መልሱልኝ አለ፤ የተመለሰለትም ድንጋይ የሌለበት ባዶ ማቀፊያ ሆነ። ጌጡ በመጀመሪያ የልጁ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤቱ፣ ዕቃ ያገኘ ሰው ፍጹም ባለቤት ባይሆንም እንኳ ከእውነተኛው ባለቤት በስተቀር ከማንም የበለጠ መብት አለው ሲል ወሰነ። ወርቅ ሠሪው ለተለማማጁ ሥራ ኃላፊ ተደረገ፤ ድንጋዩን ካላቀረበም ለማቀፊያው የሚስማማ ምርጥ ድንጋይ እንደ ነበረ ተቈጥሮ ካሣው በዚያው ልክ እንዲተመን ታዘዘ።

በዚህ ፍርድ የእንግሊዝ የንብረት ሕግ ዋና ጠባይ ይታያል። ፍርድ ቤቱ «ይህ ዕቃ በዓለም ሁሉ ፊት የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «በፊቴ ከቆሙት ከሁለቱ የበለጠ መብት ያለው ማን ነው?» ብሎ እንጂ። በቅየሳ ሥራ የአንድ ነጥብ ከፍታ የሚነገረው ከሌላ ነጥብ ጋር ተነጻጽሮ እንደ ሆነ ሁሉ፣ መብትም የሚለካው ከተከራካሪው መብት አንጻር ነው። ልጁ ከወርቅ ሠሪው በላይ፣ ከእውነተኛው ባለቤት በታች ነበር።

የተገኘበት ቦታ የሌላ ሰው ሲሆን ግን ልኬቱ ይከብዳል። በ1851 በተፈረደ ጉዳይ አንድ የንግድ ወኪል በሱቅ ወለል ላይ የወደቀ የባንክ ገንዘብ ጥቅል አግኝቶ፣ ባለቤቱ ሲመጣ እንዲሰጠው ለባለሱቁ በአደራ ተወለት። ሦስት ዓመት ሆኖ ፈላጊ ስለ ጠፋ ወኪሉ ገንዘቡን ቢጠይቅ ባለሱቁ እንቢ አለ። ፍርዱ ለአግኚው ሆነ፤ ገንዘቡ ከመገኘቱ በፊት በባለሱቁ ጥበቃ ሥር አልነበረምና።

ዕቃው ከመሬት በታች ሲሆን ፍርዱ ይለወጣል። በ1886 በሊንከንሸር፣ በብሪግ ከተማ፣ አንድ የጋዝ ኩባንያ ለ99 ዓመት በተከራየው መሬት ላይ የጋዝ ማጠራቀሚያ ለመሥራት ሲቆፍር ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ጥንታዊ ጀልባ አገኘ። አከራዩ የጀልባውን መኖር ፈጽሞ አያውቅም ነበር። ቢሆንም መሬቱን የያዘ በውስጡ የተቀበረውንም ይዟል፤ ለተከራዩ የተፈቀደለትም ቆፍሮ መሥራት እንጂ በውስጡ የተገኘውን የራሱ ማድረግ አይደለም ተብሎ ለአከራዩ ተፈረደ። ጀልባው ኋላ በኸል ከተማ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ሳለ በ1943 በአየር ድብደባ ጠፋ፤ ፍርዱ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በ1896 ደግሞ በሊችፊልድ ከተማ የአንድ ውሃ ኩባንያ ኩሬ ሲጸዳ አንድ የቀን ሠራተኛ በጭቃው ውስጥ ሁለት የወርቅ ቀለበቶች አገኘ። ኩባንያው ስጠኝ ቢለው እንቢ ብሎ ለፖሊስ አስረከበ፤ ፖሊስም ባለቤታቸውን ፈልጎ ቢያጣ ለሠራተኛው መለሰለት። ኩባንያው ግን ከስሶ ረታው። በሕግ አስተሳሰብ የፍርዱን መሠረት መረዳት አያስቸግርም፤ ኩሬው የኩባንያው ይዞታ ነበር። ከሰው ጠባይ አንጻር ግን የሚያሳስብ ነገር አለበት። ሰውየው ቀለበቶቹን በኪሱ ከትቶ ቢሄድ ማን ያውቅበት ነበር? ያገኘውን ያስታወቀ ባዶ እጁን ሲመለስ ያዩ ጓደኞቹስ በማግሥቱ ምን ይማራሉ?

ይህ ሥጋት በ1982 በተሰጠው የይግባኝ ፍርድ ውስጥም ይታያል። አንድ መንገደኛ በሂትሮው አውሮፕላን ጣቢያ፣ በብሪቲሽ ኤርዌይስ የእንግዶች ማረፊያ ክፍል ውስጥ የወርቅ አምባር አገኘ። ባለቤቱ ካልመጣ እንዲመለስለት ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ሰጠ። ባለቤቱ አልመጣም፤ አየር መንገዱ ግን አምባሩን በ850 ፓውንድ ሸጦ ገንዘቡን ለራሱ አደረገ። ዳኛ ዶናልድሰንና ባልደረቦቻቸው ለመንገደኛው ፈረዱ። ሕንፃ የያዘ ሰው ወድቆ በሚገኘው ዕቃ ላይ መብት የሚኖረው በሕንፃውና በውስጡ ባለው ሁሉ ላይ የመቈጣጠር ሐሳቡን አስቀድሞ በግልጽ ያሳየ እንደ ሆነ ነው አሉ። በሕገ ወጥ መንገድ የገባ አግኚ መብቱ የሳሳ መሆኑን፣ አግኚው ባለቤቱን ለመፈለግ ተገቢውን ሁሉ ማድረግ እንዳለበት፣ ተቀጣሪም በሥራው ላይ ያገኘውን የሚያገኘው ለአሠሪው መሆኑን አብረው አስታወቁ።

እስካሁን አራተኛው ሰው ዝም ብሏል። በ1968 በተፈረደ ጉዳይ ግን በወራሾቹ አፍ ተናገረ። አንድ ሰው ወደ 2,000 ፓውንድ የሚጠጋ የወረቀት ገንዘብ በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ በቤቱ ሸሽጎ ነበር። ኋላ ቤቱን ሸጠና ሞተ፤ ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ በቤቱ ላይ ሥራ ሲካሄድ ተገኘ። ገዥው «ቤቱን ከነሙሉ ይዘቱ ገዝቻለሁ» ቢልም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሟቹ የሸጠው ቤቱን ነው፤ ገንዘቡን ለመሸጥም ለመጣልም አላሰበም፤ የት እንዳኖረው ቢዘነጋ እንኳ መብቱ አልጠፋም፤ መብቱም በሞቱ ወደ ወራሾቹ ተላልፏል ተባለ።

ወራሽ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? በ2016 በሽሮፕሸር አንድ ፒያኖ ቃኚ፣ ለትምህርት ቤት በስጦታ በተሰጠ አሮጌ ፒያኖ ውስጥ የተደበቁ 913 የወርቅ ሳንቲሞች አገኘ። የባለቤትነት ጥያቄ ይዘው የቀረቡ ብዙዎች ነበሩ፤ በማስረጃ የረታ ግን አልተገኘም። ስለሆነም በ2017 ጉዳዩን የመረመረው ሹም ሳንቲሞቹ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት «ድልብ» ናቸው ብሎ ወሰነ። ይህ ሕግ ድልብ ሊሆን የሚችል ነገር ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ያላስታወቀውን ይቀጣል፤ ላስታወቀው ደግሞ የወሮታ በር ይከፍታል። በሊችፊልድ የጎደለው ይህ ነበር።

የዚህ ሐሳብ ጥላ በኢትዮጵያም መሐንዲሶች እጅ በሚገኝ ሰነድ ላይ አርፏል። የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በአጠራሩ ፊዲክ፣ በመጀመሪያ ከእንግሊዝ የሥራ ውል አርአያ በመነሣት ያዘጋጀው የሲቪል ሥራ ውል በ1987 እትሙ፣ በሥራ ቦታ የሚገኝ ሳንቲምና ጥንታዊ ዕቃ «በአሠሪውና በተቋራጩ መካከል» የአሠሪው ይሆናል በሚል መንፈስ የተጻፈ ነው። «መካከል» የሚለው ቃል በከንቱ አልገባም። ውሉ የሚያስረው ሁለቱን ተዋዋዮች ነው፤ ውሉን ያልፈረመ ባለቤት ወይም ወራሽ ማስረጃውን ይዞ ከመጣ ያ አንቀጽ ሊመልሰው አይችልም።

እንግዲህ ለሥራ መሪ የሚቀረው ተግባር ግልጽ ነው። ዕቃ ሲገኝ ቁፋሮው በዚያ ስፍራ ይቁም። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ሰዓቱና ያገኘው ሰው ስም በመዝገብ ይግባ፤ ከላይ እንደ ታየው በወለል ላይና በአፈር ውስጥ በተገኘ ነገር መካከል ያለው ልዩነት ፍርዱን ይለውጣልና። ርክክቡ በደረሰኝ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያገኘውን ላስታወቀ ሠራተኛ የሚሰጠው ወሮታ ሥራው ሳይጀመር በውል ይጻፍ። ባለቤት፣ ባለመሬትና ወራሽ መብታቸውን ሊያገኙ የሚችሉት ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የቀን ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ «ይህን አገኘሁ» ያለ እንደ ሆነ ብቻ ነው።